ጌጡ ማያያዣው የሆነ ጠረጴዛ፦ የስቲክሊን ስልት በእጅ መሣሪያ መልሶ መሥራት

አርትስ ኤንድ ክራፍትስ የሚባለው የእጅ ጥበብ ንቅናቄ ዕቃ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቀጥ ያለ እግር፣ ወፍራም ጣውላ፣ የተቀረጸ አበባ የለ፣ የተለበጠ ወርቅ የለ። አስቸጋሪነቱም ከዚሁ ይመነጫል። ጌጡ ማያያዣው ራሱ ስለሆነ በደንብ ያልገጠመ ማያያዣ የሚደበቅበት ቦታ አያገኝም። እዚህ የምንጽፈው በዚህ ስልት አንድ ጠረጴዛ ከጥሬ ጣውላ እስከ ሰም ድረስ የምንሠራበትን መንገድ ነው፤ ልኬቱንና ሥራው የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ጨምሮ። መሮና መላጊያ ስሎ ለሚያውቅ ሰው የታሰበ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንጨት ለሚነካ ሰው መነሻ አይሆንም።

ስልቱ እንግሊዝ ውስጥ ጀመረ። እንግሊዛዊው ዲዛይነር ዊሊያም ሞሪስና ባልንጀሮቹ ድርጅታቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። አሜሪካ ውስጥ መልኩን የሰጠው ጉስታቭ ስቲክሊ (1858–1942) ሲሆን፣ ወርክሾፑ በኒው ዮርክ ግዛት ከሲራክዩስ አጠገብ ኢስትዉድ ነበር። ብዙ ሰው የስቲክሊ ዕቃ ያለ ማሽን የተሠራ ይመስለዋል፤ አይደለም። ፋብሪካው ማሽን ነበረው። ስለዚህ ጣውላውን በማሽን ማለስለስና በልክ ማሳሳት ስልቱን አያረክሰውም። እኛም ጉልበቱን ለማሽን ትተን እጃችንን ለማያያዣው እንቆጥባለን።

የምንሠራው ጠረጴዛ 900 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 550 ወርድና 735 ከፍታ አለው። (ከዚህ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ በሚሊ ሜትር ነው።) ከላይ እግሮቹን አራት ጣውላዎች ያስሯቸዋል፤ እነዚህን ቀበቶ እንላቸዋለን። ከታች በሁለቱ ጎን እግር ከእግር የሚያገናኝ አግዳሚ አለ። በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል አንድ መደርደሪያ ተዘርግቶ ጫፎቹ አግዳሚዎቹን በስተው ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ በሽብልቅም ይጠብቃሉ። ይህ የሽብልቅ ማያያዣ የጠረጴዛው ልብ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

እንጨቱ ነጭ ኦክ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ዛፉ ምን ዓይነት ነው የሚለው ሳይሆን ጣውላው ከግንዱ እንዴት ወጣ የሚለው ነው። የጣውላውን ጫፍ ተመልከቱ፤ የዕድገት ቀለበቶቹ ከሰፊው ፊት ጋር ወደ 90 ዲግሪ ተጠግተው ከቆሙ የምትፈልጉት ያ ነው። ከተኙ ተዉት። ቀለበቱ የቆመ ጣውላ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛ፣ ከግንዱ እንብርት ወደ ቅርፊቱ የሚዘረጉት ጨረሮች ፊቱ ላይ እንደ ብር የሚያበሩ ነጠብጣቦች ሆነው ይወጣሉ፤ የዚህ ስልት ዕቃ ብቸኛ ሥዕል ይህ ነው። ሁለተኛ፣ የእንጨቱ መስፋትና መጥበብ በግማሽ ይቀንሳል። 550 ወርድ ያለው የነጭ ኦክ ገበታ (የጠረጴዛው የላይ ፊት) እርጥበቱ በ4 ከመቶ ሲለወጥ፣ ቀለበቱ ከቆመ ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ ከተኛ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ቀይ ኦክ ዋጋው ቢቀንስም ለዚህ ሥራ አንመክረውም፤ በመጨረሻ እንጨቱን ለምናጠቁርበት የአሞኒያ ጭስ የሚሰጠው ቀለም ነጩ የሚሰጠው ሞቅ ያለ ቡናማ አይደለም።

አሜሪካ ላላችሁ ነጭ ኦክ በቅርብ ይገኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለምትሠሩ ግን የምንመክረው ግራቪሊያን ነው። በየመንገዱ ዳርና በየቡና ማሳው የተተከለው ይህ ዛፍ በእንግሊዝኛ ስሙ ራሱ ከኦክ ጋር የተያያዘው፣ ቀለበቱ ቆሞ ሲሰነጠቅ እንደ ኦክ ያለ የጨረር ሥዕል ስለሚያወጣ ነው። ግንዱ ከዳር እስከ ዳር በተከታታይ ሲሰነጠቅ፣ መካከሉን ያቋረጡት ሁለት ሦስት ጣውላዎች ቀለበታቸው የቆመ ይሆናል፤ መጋዝ ቤት ሄዳችሁ እነዚያን ለዩ፣ እንብርቱን ከመሃል ቆርጣችሁ ጣሉ። ግራቪሊያ ከኦክ የለሰለሰና የቀለለ ስለሆነ ሽብልቁንና የእንጨት ሚስማሩን ከወይራ ሥሩ። ብናኙ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያስነሳል፤ እጅጌ ረጅም ልብስና ጭምብል አይቅር። ዋንዛ ከመረጣችሁ ደግሞ በራሱ ቡናማ ነውና አሞኒያውን ክፍል ዝለሉት።

ያለቀው ጠረጴዛ የሚወስደው እንጨት 0.028 ኩብ ሜትር ያህል ነው፤ ለብክነት ጨምራችሁ 0.04 ግዙ። ይህ በአሜሪካ የጣውላ መለኪያ ወደ 17 ቦርድ ፉት ይሆናል። ጣውላውን ጠረጴዛው ወደሚቀመጥበት ቤት አስገብታችሁ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያደረጋችሁ ደርድሩት። አንዱን ጣውላ በየሦስት ቀኑ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ሥራ ጀምሩ። ይህን መዝለል የሚያስከትለው ጉዳት ቶሎ አይታይም፤ ከወራት በኋላ ትከሻው (ማያያዣው ላይ አንዱ እንጨት ሌላው ላይ የሚያርፍበት ጠርዝ) ተላቆ ክፍተት ሲወጣ ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ቁርጦቹ እንደዚህ ናቸው። እግር አራት፣ 45 በ45፣ ርዝመቱ 713። ረጅም ቀበቶ ሁለት፣ 774 በ110። አጭር ቀበቶ ሁለት፣ 444 በ110። የታች አግዳሚ ሁለት፣ 482 በ90። መደርደሪያ አንድ፣ 887 በ180። ከእግሩ በቀር ሁሉም 22 ውፍረት አላቸው። ገበታው ከአራት ወይም ከአምስት ጣውላ ተጣብቆ 900 በ550 ይሆናል። ገበያ ላይ 18 የሆነ ጣውላ ርካሽ አግኝታችሁ በዚያ ለመሥራት አትሞክሩ። አራት ሚሊ ሜትር ትንሽ ብትመስልም የዚህ ዕቃ ግርማ ከውፍረቱ ነው፤ በ18 የተሠራው ከሩቅ ያስታውቃል።

እግሩ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ድፍን እንጨት ከሆነ የጨረሩ ሥዕል በሁለት ተቃራኒ ፊቶች ብቻ ይወጣል፣ የቀሩት ሁለቱ ቀለበታቸው የተኛ ይሆናሉ። ጉስታቭ ስቲክሊ በነዚያ ሁለት ፊቶች ላይ ስስ የኦክ ልጥ ይለጥፍ ነበር። ወንድሞቹ ሊዮፖልድና ጆን ጆርጅ ደግሞ አራት ጣውላ በማዕዘናቸው አጋጥመው በመካከሉ ማዕከል ያለበት እግር ሠሩ፤ ውብ ነው፣ ግን ያለ ማሽን በጣም ያደክማል። እኛ የመጀመሪያውን እንከተላለን። ማዕከሉን 39 በ45 አድርጉ፤ ሥዕል በሌላቸው ሁለት ፊቶች ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበቱ የቆመ ልጥ ለጥፉ። በመጨረሻ የእግሩን አራት ጠርዞች በ45 ዲግሪ 3 ሚሊ ሜትር ስትሰብሩ የልጡ መስመር በትክክል የተሰበረው ጠርዝ ላይ ያርፍና ይጠፋል። ልጡን 6 ብታደርጉት መስመሩ ፊቱ ላይ ይቀራል።

ወደ ማያያዣው። ሁልጊዜ ሴቴው (የሚቆፈረው ቀዳዳ) ይቅደም፣ ወንዴው (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው የጣውላ ምላስ) ይከተል። ምክንያቱም የሴቴውን ስፋት የሚወስነው የመሮው ስፋት ነው፤ ወንዴውን ግን በመላጊያ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ማስተካከል ይቻላል።

የቀበቶው ወንዴ 10 ውፍረት፣ 80 ወርድና 32 ርዝመት አለው፤ ከላይ 20፣ ከታች 10 ትከሻ ይተርፈዋል። ቀበቶው ከእግሩ የውጭ ፊት 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት እኩል ከሆነ ትንሿ ስህተት ታስታውቃለች፣ ገባ ካለ ግን ጥላው ይሸፍናታል። በአንድ እግር ውስጥ ሁለት ወንዴዎች ስለሚገናኙ ጫፋቸውን በ45 ዲግሪ ቁረጡት። እግሮቹን ስትቆርጡ ከላይ 20 ወይም 25 ትርፍ ተዉ፣ ሴቴው ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ትርፉን ቁረጡት። ይህን ያልተወ ሰው መሮ ሲመታ የእግሩ ጫፍ ይሰነጠቅበታል።

የታች አግዳሚው ወንዴ እግሩን በስቶ ያልፋል። ልኬቱ 12 በ60፣ ርዝመቱ 51 ነው፤ 45ቱ እግሩ ውስጥ፣ 6ቱ ከውጭ የሚታይ። የአግዳሚው የታች ጠርዝ ከወለሉ 120 ይራቅ። ይህ በስቶ የሚያልፍ ሴቴ ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ነው። መስመሩን በሁለቱም ፊት ላይ ከአንድ ማጣቀሻ ጎን ተነስታችሁ በስለት አውጡ፤ እርሳስ ወፍራም ስለሆነ አይበቃም። መካከሉን በ10 መሰርሰሪያ ከሁለቱም ወገን እስከ ግማሽ ቆፍሩ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከበሳችሁ በመውጫው በኩል ፊቱን ገንጥሎ ይወጣል። ቀሪውን በ12 መሮ እየላጣችሁ ወደ መስመሩ ተጠጉ። የመጨረሻዋን አንድ ሚሊ ሜትር ሳትመቱ፣ በእጅ ግፊት ብቻ። የውስጡ ግድግዳ ከመካከሉ ትንሽ ጎድጎድ ቢል ጥሩ ነው፣ ወንዴው ሳይገታ ያልፋል፤ የሚታየው ጠርዝ ግን ቀጥ ይበል። ለኦክ መሮውን በ30 ዲግሪ ስላችሁ ጫፉን ብቻ ወደ 35 ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ ስለቱ ይሸረፋል።

ወንዴውን ከሴቴው ጥቂት አወፍራችሁ በመጋዝ ቁረጡ፣ ከዚያ በመላጊያ ከሁለቱም ፊት እኩል እኩል ቀንሱ። ልኩ ምን ያህል ነው? በእጅ ግፊት ግማሽ ድረስ ይገባል፣ የቀረው በእንጨት መዶሻ ቀላል ምት ይደርሳል። ብርቱ ምት የሚፈልግ ከሆነ አቁሙና ቀንሱ፤ እግር የሚሰነጠቀው እዚህ ነው። በራሱ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ላይ ቀጭን ልጥ ለጥፋችሁ እንደገና ቀንሱ። ኮላ ክፍተት እንዲሞላ አትጠብቁ። ከውጭ የሚታየውን ጫፍ ከመግጠማችሁ በፊት ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር በ45 ዲግሪ ስበሩት፤ ሲገባም የመውጫውን ጠርዝ አይቦጭቅም።

ይህን ማያያዣ የእንጨት ሚስማር ይቆልፈዋል። ትከሻው ከሚያርፍበት የእግር ጠርዝ 14 ገባ ብላችሁ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በእግሩ ላይ ብሱ። ወንዴውን አስገብታችሁ በመሰርሰሪያው ጫፍ ቦታውን ምልክት አድርጉ፣ አውጡትና የወንዴውን ቀዳዳ ወደ ትከሻው 1.5 ሚሊ ሜትር አስጠግታችሁ ብሱ። ሚስማሩ ሲመታ በዚያች ልዩነት ወንዴውን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፣ ትከሻውም ያለ ሞርሳ ይዘጋል። ልዩነቱን 2.5 ወይም 3 ካደረጋችሁ ሚስማሩ ይሰበራል ወይም የወንዴው ጫፍ ይፈነጠራል። ሚስማሩን በመጋዝ አትቁረጡት፣ በመሮ ሰንጥቃችሁ አውጡት፤ የተሰነጠቀ እንጨት ጅማቱ ስለማይቆረጥ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ጫፉንም እንደ እርሳስ አሹሉት።

አሁን ሽብልቁ። የመደርደሪያው ሁለት ጫፎች 70 ወርድና 16 ውፍረት ያለው ወንዴ ይኖራቸዋል፤ ከላይና ከታች 3 ሚሊ ሜትር ትከሻ ስለሚተርፍ የሴቴው ጠርዝ ይሸፈናል። ወንዴው 77 ይረዝማል፦ 22 አግዳሚውን ያልፋል፣ 55 ወደ ውጭ ይወጣል። አግዳሚው ላይ ያለው ሴቴ በወርዱ በየጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይፍታታ፤ መደርደሪያው በወርዱ ስለሚሰፋ በጥብቅ ከተያዘ አግዳሚውን ሊሰነጥቀው ይችላል። በወንዴው ላይ የሽብልቁ ቀዳዳ 12 ስፋት ይኑረው። ምስጢሩ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው፦ የቀዳዳው የውስጥ ግድግዳ ከአግዳሚው የውጭ ፊት ጋር እኩል መሆን የለበትም፣ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። እኩል ከሆነ ሽብልቁ የቀዳዳውን ግድግዳ ይነካና ይቆማል፣ መደርደሪያውንም ምንም አይስበውም። የውጩ ግድግዳ ደግሞ ያዘነብል፤ ከአግዳሚው ፊት ሲለካ ከላይ 17፣ ከታች 15። ይህ ከ8 አንድ ማዘንበል ነው። ሽብልቁም በዚያው ልክ ይሠራል፦ ርዝመቱ 90፣ ሰፊው ጫፍ 22፣ ጠባቡ 11። ቀጥ ያለው ጎኑ ወደ አግዳሚው፣ ያዘነበለው ወደ ውጭ። ከቀዳዳው እስከ ወንዴው ጫፍ 38 ይተርፋል። ከ30 በታች ካደረጋችሁት ሽብልቁን ስትመቱ ጫፉ በጅማቱ አቅጣጫ ተሸልቶ ይወጣል፤ ለግራቪሊያ 45 አድርጉት፣ መደርደሪያውንና ገበታውንም በዚያው ልክ አስረዝሙ።

ከማጣበቅ በፊት ሁሉንም በደረቁ ግጠሙ፣ ፍቱ፣ ፊቶቹን አጽዱ። ቀለበቱ የቆመ ኦክ ላይ ጨረሮቹ በደነዘ መላጊያ ይቦጨቃሉ። ስለቱን አሹሉ፣ የሚላገው ልጣጭ ወረቀት እስኪመስል አሳሱት፣ በስስ ብረት መፋቂያ ጨርሱ። ብርጭቆ ወረቀት ካስፈለገ 180 ይበቃል።

ኮላውን በሁለት ቀን ከፍሉት። መጀመሪያ ሁለቱን የጎን ክፈፎች፦ ሁለት እግር፣ አጭር ቀበቶና አግዳሚ። በስቶ የሚያልፈው ወንዴ ላይ ኮላ የሚቀባው ወደ ትከሻው በኩል ባለው ክፍል ብቻ ነው፤ ጫፉን አስቀድማችሁ ሰም ቀቡት። ኮላ ፈሶ የሚታየው ፊት ላይ ከደረቀ አሞኒያው እዚያ ቦታ አይሠራም፣ ፈዛዛ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በብረት ሞርሳና በእንጨቱ መካከል ሰም የተቀባ ወረቀት አድርጉ፤ ብረት፣ እርጥበትና የኦክ ታኒን (በእንጨቱ ውስጥ ያለ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር) ሲገናኙ ጥቁር እድፍ ይወጣል። በማግሥቱ ረጃጅሞቹን ቀበቶዎች ስትገጥሙ መደርደሪያውን እዚያው አብራችሁ አስገቡ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ክፈፉ ከተዘጋ በኋላ መደርደሪያው የሚገባበት መንገድ የለም። መደርደሪያውና ሽብልቁ ኮላ አይነካቸውም። ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች ለኩ፣ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይለፍ።

ገበታውን ስታጣብቁ የእያንዳንዱን ጣውላ ጠርዝ ከመካከሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር አጎድጉዱት፤ ሞርሳው ሲጠብቅ ጫፎቹ ይበልጥ ይጫናሉ፣ ዘወትር ቀድመው የሚላቀቁት እነሱ ናቸውና። ከክፈፉ ጋር በእንጨት ቁልፎች ይያያዛል፤ ምላሳቸው በቀበቶው ውስጥ በተቆፈረ ጎድጓዳ ይገባል። ስምንት ይበቃሉ፦ በረጃጅሞቹ ቀበቶዎች ሦስት ሦስት፣ በአጫጭሮቹ አንድ አንድ መካከላቸው ላይ። በረጃጅሞቹ በኩል በቁልፉና በቀበቶው መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍት ተዉ፤ ያ 4 ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ ለሁለት የሚካፈለው እዚያ ነው። ገበታውን በቀጥታ በብሎን ማሰር መሰንጠቅን መጋበዝ ነው።

ቀለሙ ከአሞኒያ ጭስ ይመጣል። ጭሱ ከኦክ ታኒን ጋር ሲገናኝ እንጨቱ ራሱ ይጠቁራል፤ ከላይ የተቀባ ስላልሆነ ጨረሮቹን አይጋርድም። ከ26 እስከ 28 ከመቶ የሆነ የአሞኒያ ውህድ ያስፈልጋል። ይህ ለቤት ጽዳት የሚሸጠው አይደለም፤ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ሥሩ። ፊት ሙሉ የሚሸፍን የአሞኒያ ማጣሪያ ያለው ጭምብልና የጎማ ጓንት አድርጉ፣ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። በረኪና በአካባቢው እንዳይኖር፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከእንጨት ፍሬም ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ወጥራችሁ ጠረጴዛውን አስገቡ፣ ገበታውን ለብቻው ሁለቱም ፊቱ አየር እንዲያገኝ አቁሙት። 250 ሚሊ ሊትር በሰፊ የፕላስቲክ ሳህን አድርጋችሁ ዝጉ። የመዳብና የነሐስ እጀታ ካለ አታስገቡ፣ አሞኒያ ይበላዋል። ከዚያው ጣውላ የተቆረጡ ሁለት ዘንጎች በፕላስቲኩ ቀዳዳ ሰክታችሁ በየጊዜው እየሳባችሁ ቀለሙን እዩ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል፤ ብርድ ከሆነ ይዘገያል።

ሲወጣ ግራጫና ሕይወት የሌለው ይመስላል፤ አትደንግጡ። ቀለሙን ለመገመት የተቆረጠ ቁራጭ ላይ አልኮል ቀቡ፣ ቡናማው ያኔ ይታያል። ከቅርፊቱ የሚቀርበው ነጣ ያለ ክፍል ታኒኑ አነስተኛ ስለሆነ ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ገና ጣውላ ስትመርጡ ቆርጣችሁ አስወግዱት። በግራቪሊያ ለምትሠሩ፣ ጠረጴዛውን ሁሉ ከማስገባታችሁ በፊት ቁራጭ በክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ ከጥቂት አሞኒያ ጋር አንድ ቀን አቆዩና ውጤቱን እዩ።

ሁለት ሦስት ቀን ካናፈሳችሁት በኋላ ሼላክ ቀቡ፣ ብዙ አናጺ ጎማላካ የሚለውን። በአንድ ሊትር አልኮል 120 ግራም አሟሙታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ስስ እጅ ብቻ። በአንዱ ቅብና በሚቀጥለው መካከል በብረት ሱፍ አትሹ፤ ብናኙ ኦክ ላይ ከቀረ ወደ ጥቁር ነጥብ ይለወጣል። ከዚያ ቡናማ ሰም በጨርቅ ተቀብቶ ይወለወላል። ሰሙ ቢጫ ወይም ነጭ ከሆነ በኦክ ቀዳዳዎች ውስጥ ነጭ ሆኖ ይደርቃል።

ሽብልቆቹን በመጨረሻ በቀላል ምት አስገቡ፣ ድምፁ ከለሰለሰ ወደ ጠንካራ ሲለወጥ አቁሙ። ቤቱ በሚደርቅበት ወቅት ይላላሉ። ያኔ አንድ ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ ይበቃል፤ 90 ርዝመት የሰጠናቸው ወደ ታች የሚወርዱበት ትርፍ እንዲኖራቸው ነው።